2000 ላይ የታየ እንከን 2000 ላይ አልተፈጠረም፦ ኢፖክሲ ማለስለስና ማብረቅ

ኢፖክሲ (ሬዚንና ሃርድነር የተባሉ ሁለት ፈሳሾች ተደባልቀው የሚጠነክር ሽፋን) የፈሰሰበት ጠረጴዛ በብርጭቆ ወረቀት እስከ ቁጥር 2000 ተለስልሶ፣ ኮምፓውንድ የሚባለው ማብረቂያ ተቀብቶና ተወልውሎ መስኮት አጠገብ ሲቀመጥ ነው ጉዱ የሚወጣው። ከላይ ሲያዩት መስታወት ነው። ጎንበስ ብለው ብርሃኑን አግድም ሲያዩ ግን አንዱ ጥግ ላይ ነጭ ጭጋግ፣ መሀሉ ላይ የ«ዐ» ፊደልን የሚመስሉ ደቃቅ ክቦች፣ ዳሩ ላይ ዱቄት የተነሰነሰባቸው የሚመስሉ ነጥቦች ይታያሉ። ብዙዎች በዚህ ጊዜ 2000ውን፣ ማለትም ደቃቁን ወረቀት፣ መልሰው ያነሱና አንድ ሰዓት ይፈገፍጋሉ። ለውጥ የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ያ እንከን ወይ በሻካራዎቹ ቁጥሮች፣ በ180 ወይም በ240 ላይ፣ ሳይጠፋ የቀረ ጭረት ነው፣ ወይ ደግሞ ኢፖክሲው ሲፈስ አብሮት የገባ ችግር ነው። የመጀመሪያው በብርጭቆ ወረቀት ይድናል፣ ሁለተኛው አይድንም። ስለዚህ ወረቀት ከማንሳት በፊት መለየት ይቀድማል።

መለያው ውኃ ነው። እንከኑን በእርጥብ ጨርቅ ዳበስ አድርጉና ሳይደርቅ እዩት። ጭጋጉ ጠፍቶ ሲደርቅ ተመልሶ ከመጣ ላዩ ላይ ያለ ጭረት ነው፤ ውኃው ጭረቱን ስለሞላው ብርሃኑ መበተኑን አቆመ ማለት ነው። እርጥብ ሆኖም ነጭ ከሆነ ችግሩ ውስጥ ነው፦ የታፈነ አረፋ፣ ያልደረቀ እንጨት፣ ወይም በደንብ ያልተደባለቀ ሬዚን። ቀጥሎ ጥፍራችሁን አሳልፉበት። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ጥልቅ ነውና በደቃቅ ወረቀት አትድከሙበት፣ ወደ 240 ወይም 180 ውረዱ። በመጨረሻ ክፍሉን አጨልሙና የስልካችሁን መብራት ገጹ ላይ አስተኝታችሁ አብሩ። ከላይ የሚበራ አምፖል የሚደብቀውን ሁሉ አግድም የወደቀ ብርሃን ያወጣዋል። ይህን የመብራት ፍተሻ ከእያንዳንዱ ቁጥር በኋላ ማድረግ እንጂ መጨረሻ ላይ ብቻ ማድረግ ዋጋ የለውም።

መጀመሪያ፦ ደርቋል ወይ?

በደንብ የደረቀ ኢፖክሲ በደረቁ ሲፈገፈግ እንደ ፉርኖ ዱቄት ይበናል፤ በውኃ ሲፈገፈግ ወተት የመሰለ ዝቃጭ ይሰጣል። ወረቀቱን ገልብጣችሁ ስታዩ ማስቲካ የመሰሉ እንክብሎች ከተጣበቁበት ወዲያው አቁሙ። እነዚያ እንክብሎች ከወረቀቱ አሸዋ በላይ ወጥተው ይቆማሉ፤ ቀጥሎ የሚቧጭሩት እነሱ ናቸው። የሚተዉት ጭረትም ከወረቀቱ ቁጥር ጋር ምንም ዝምድና የለውም።

አብዛኞቹ የጠረጴዛ ኢፖክሲዎች ከ22 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ክፍል ውስጥ በ24 ሰዓት እጅ ላይ አይጣበቁም፣ በ72 ሰዓት ገደማ ለማለስለስ ይደርሳሉ፣ ሙሉ ጥንካሬያቸውን የሚያገኙት ግን በ7 ቀን ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ የመድረቁ ፍጥነት በግምት በግማሽ ይቀንሳል። ጅማ ቀኑ ሞቅ ቢልም በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ስለሚወርድ፣ ጣሳው ላይ የተጻፈውን 72 ሰዓት አምስት ቀን አድርጋችሁ ቁጠሩት። ለማብረቅ ደግሞ ሰባቱን ቀን ሙሉ መጠበቅ የሚሻል ይመስለኛል። ገና ያልጠነከረ ኢፖክሲ ኮምፓውንድ ሲነካው ያብረቀረቀ ይመስልና በሳምንቱ ይደበዝዛል።

ክፍሉን ለማሞቅ ከሰል የሚያቀጣጥሉ አሉ። ይህ በሁለት በኩል ጉዳት አለው። በተዘጋ ክፍል የከሰል ጭስ ሰው ይገድላል፤ ይህ ከሁሉም ይቀድማል። ሥራውን በተመለከተ ደግሞ ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየሩ እርጥበት ጋር ሆኖ በሃርድነሩ ውስጥ ካለው አሚን ከተባለ ኬሚካል ጋር ይዋሃድና ላዩ ላይ ሰም የመሰለ ስስ ሽፋን ይፈጥራል። ባለሙያዎች በእንግሊዝኛው «አሚን ብለሽ» ይሉታል። ከሰልም ባይኖር በሰኔና በመስከረም መካከል፣ ዝናቡ ሳያባራ በሚውልበት ወራት፣ ይህ ሽፋን ራሱ ይመጣል። ምልክቱ እጅ ሲያሳልፉበት ቅባት ቅባት ማለቱ፣ ሲያዩት ደግሞ ትንፋሽ እንዳረፈበት መስታወት መደብዘዙ ነው።

አሚን ብለሽ በብርጭቆ ወረቀት አይወገድም። ወረቀቱን ይደፍነዋል፣ ከዚያም አልፎ ወደ ጭረቶቹ ይጠቀጠቃል፤ ቀጥሎ የሚፈስሰው የኢፖክሲ ድርብም ላዩ ላይ አይይዝም። ደግነቱ በውኃ ይሟሟል። ለብ ያለ ውኃ፣ ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና፣ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ አረንጓዴው ጎን፤ ሁለት ጊዜ አሽታችሁ እጠቡ፣ በንጹሕ ውኃ አለቅልቁ፣ ውኃው ራሱ ከመድረቁ በፊት በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ አንሱት። በአልኮል ወይም በቲነር መጥረግ ይህን ሥራ አይተካም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሽፋኑን ከቦታ ወደ ቦታ ያዛውረዋል። በክረምት የፈሰሰ ኢፖክሲ ብለሽ ቢታይበትም ባይታይበትም መጀመሪያ መታጠብ አለበት ባይ ነኝ። አሥር ደቂቃ ነው የሚወስደው።

አንድ ቦታ ብቻ ሰንብቶም የሚጣበቅ ከሆነ ግን ጉዳዩ የአየር አይደለም። ከመደባለቂያው ጠርዝና ታች ሳይቀላቀል የቀረው ሬዚን ነው እዚያ የወደቀው። ሳምንት ብትጠብቁትም አይደርቅም። ተጨማሪ ሃርድነር ከላይ መቀባትም አያድነውም። ያንን ቦታ በስል ምላጭ ወይም በመሮ እስከ ጠንካራው ድረስ ፍቃችሁ አውጡ፣ በአልኮል ጥረጉ፣ በ180 አሻክሩ፣ ከዚያ እንደ አዲስ ሙሉ። ሁሉም ቦታ ሳይጠነክር ከቀረ ልኬቱን መርምሩ። «2 ለ 1» የሚለው ጽሑፍ በመጠን ነው ወይስ በሚዛን? ሬዚኑ ከሃርድነሩ ይከብዳል፤ 100 ሚሊ ሊትር ሬዚን 115 ግራም ገደማ ሲመዝን 50 ሚሊ ሊትር ሃርድነር ግን ከ50 ግራም በታች ነው። በመጠን የተሰጠውን በሚዛን የሠራ ሰው ሃርድነር ያበዛል። ውጤቱም ሲፈገፈግ የሚዝለገለግ ገጽ ነው።

የወረቀቱ ቁጥር

ከጀርባው ላይ «ፒ» የሚለው የላቲን ፊደል ያለበትና የሌለበት ወረቀት አንድ አይደሉም። ፊደሉ ያለበት በአውሮፓው የፌፓ ልክ የተሠራ ነው። የሌለበት አብዛኛውን ጊዜ በአሜሪካው ልክ ነው። እስከ 220 ድረስ ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው፤ ከዚያ በላይ ይራራቃሉ። የአሜሪካው 320 ከፒ400 ጋር፣ የአሜሪካው 400 ከፒ800 ጋር፣ የአሜሪካው 600 ከፒ1200 ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ከአንዱ ሱቅ 400፣ ከሌላው ፒ600 ገዝቶ በተራ የሚጠቀም ሰው ወደ ፊት የሄደ እየመሰለው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ጭረቱም ለምን እንዳልጠፋ ግራ ይገባዋል። የሚሻለው ሁሉንም ቁጥር ከአንድ ዓይነት መግዛት ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቁጥሮች ሁሉ በ«ፒ» ናቸው።

የፒ180 አሸዋ በአማካይ 82 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ)፣ የ240 ወደ 58፣ የ400 35፣ የ800 22፣ የ1500 12.6፣ የ2000 10 ማይክሮን ገደማ ነው። ይህን ያየ ሰው ከ240 ወደ 800 መዝለል ለምን ጭጋግ እንደሚያመጣ ራሱ ይገባዋል፦ ደቃቁ ወረቀት የጭረቱን አፋፍ ያለሰልሳል እንጂ ታቹ አይደርስም። እኔ የምመክረው ተራ 180፣ 240፣ 320፣ 400፣ 600፣ 800፣ 1000፣ 1500፣ 2000 ነው። 3000 ካገኛችሁ ኮምፓውንዱ ላይ ጊዜ ይቆጥብላችኋል። መነሻው ግን ሁልጊዜ 180 አይደለም። ገጹ ልሙጥ ሆኖ ጥቂት አቧራ ብቻ ከያዘ 800 ወይም 1000 ይበቃል። እንደ ብርቱካን ልጣጭ ከተጎረባበጠ 320 በቂ ነው። 180 የሚያስፈልገው ለተንጠባጠበና ከፍና ዝቅ ላለ ገጽ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ገጹ ላይ በእርሳስ ቀለል አድርጋችሁ የተጠላለፉ መስመሮች አስምሩ። ወረቀቱን በእጃችሁ ሳይሆን ቀጥ ባለ የጣውላ ቁራጭ ወይም በጎማ ላይ ጠቅልሉት፤ ጣት ብቻውን ቦይ ይቆፍራል። በአንድ አቅጣጫ ሂዱ። እርሳሱ ሁሉ ሲጠፋ ገጹ ተስተካክሏል፤ ያልጠፋበት ቦታ ካለ ዝቅ ያለ ነው። ቀጣዩን ቁጥር በተቃራኒው፣ የመጀመሪያውን በመስቀል ቆርጣችሁ ሂዱ። የቀድሞው ቁጥር ጭረት አንድም ሳይቀር ሲጠፋ ብቻ ወደሚቀጥለው ታልፋላችሁ። 240 እና 320 ላይ ረጅም ጊዜ፣ ከ800 በላይ አጭር ጊዜ ይሄዳል። ሰው ሁሉ ግን በተቃራኒው ነው የሚሠራው።

ከ400 ጀምሮ በውኃ መሥራት ይሻላል፤ በአንድ ሊትር ውኃ ሁለትና ሦስት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና። ዝቃጩን ያንሸራትታል፣ ሙቀት ያበርዳል፣ አቧራውም ሳንባ ውስጥ አይገባም። በደረቁ ስትሠሩ ኤን95 ጭምብል፣ ሁልጊዜም የናይትሪል ጓንት አድርጉ። በተለይ በደንብ ያልደረቀ ኢፖክሲ አቧራ ቆዳን ያስቆጣል፤ አንዴ አለርጂ የሆነበት ሰው ከዚያ ወዲያ ይህን ሥራ መሥራት ያቅተዋል። በኤሌክትሪክ ማሽን በውኃ መሥራት ከሞት ጋር መጫወት ነውና ውኃው ለእጅ ሥራ ብቻ ይሁን። ደግሞም ኢፖክሲው መሀል ላይ ብቻ ሆኖ ዳርና ዳሩ ዋንዛ ክፍት ከሆነ ውኃ አትንኩት። ዋንዛው ያብጣል፣ ነጩ ዝቃጭም ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ አይወጣም። እንዲህ ያለውን በደረቁ፣ ወረቀቱን ቶሎ ቶሎ እየቀየራችሁ ጨርሱት።

ቁጥር በቀየራችሁ ቁጥር ገጹን፣ ጣውላውን፣ ጓንቱንና ባልዲውን እጠቡ። 1000 ላይ ስትሠሩ ከ240 የቀረች አንዲት ቅንጣት ከወረቀቱ ሥር ከገባች ረጅም ነጠላ ጭረት ትተዋለች። ቧንቧው ድፍርስ ውኃ የሚያመጣ ከሆነ በባልዲ አዝቅጣችሁ የላይኛውን በጨርቅ አጥልሉት፤ በውኃው ውስጥ ያለው ደለል ራሱ አሸዋ ነው።

የ«ዐ» ቅርጽ ያላቸው ጥምዝምዝ ክቦች የኦርቢታል ማሽን፣ ማለትም ወረቀቱን እያሽከረከረ የሚፈገፍግ የኤሌክትሪክ ማሽን፣ ፊርማ ናቸው። ጠጋ ብላችሁ እዩዋቸው፦ እያንዳንዳቸው ከምስር ፍሬ የማይበልጡ፣ ትንሽ ጅራት ያላቸው፣ በሄዳችሁበት መንገድ በሰልፍ የተደረደሩ ናቸው። የሚመጡት ከዲስኩ ሥር የተያዘ ቅንጣት ወይም ደርቆ የተጣበቀ እንክብል ሲሽከረከር ነው። ማሽኑን በኃይል መጫን ያባብሰዋል፤ የማሽኑ ክብደት ራሱ ይበቃል። መጀመሪያ ማሽኑን ገጹ ላይ አሳርፉና ከዚያ አብሩት፤ እየተሽከረከረ ከላይ ማሳረፍ ወዲያው ይቆፍራል። በሴኮንድ ከሦስት ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ፍጥነት ተጓዙ። አንዴ ከመጡ ወደ 320 ተመልሳችሁ በእጅና በጣውላ አጥፏቸው። በዚያው ማሽን ላይ በዚያው ወረቀት ብትቀጥሉ የነበሩት ሳይጠፉ አዲስ ይጨመራሉ።

ቀዳዳና ጎድጓዳ

ስታለሰልሱ የታፈኑ አረፋዎች አፋቸው ይከፈታል። ነጭ አቧራ ይሞላባቸውና ነጥብ ይሆናሉ። ኮምፓውንድ ከነካቸው ደግሞ ይደርቅባቸዋል፤ ስለዚህ ቀዳዳ መሙላት ከማብረቅ በፊት፣ 400 ላይ ሳላችሁ ያልቅ። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በአልኮል አቧራውን አውጡ። የመድኃኒት ቤቱ 70 በመቶ አልኮል ውኃ ስላለበት ጥሩ አድርጎ እስኪደርቅ ጠብቁ። ከዚያ ጥቂት ኢፖክሲ ደባልቁ። ለትንሽ ነገር ተብሎ በማንኪያ ጫፍ መለካት ልኬቱን ያዛባል፤ ከ30 ሚሊ ሊትር በታች አትደባልቁ፣ ቢተርፍም ይትረፍ። በስንጥር ጫፍ ጠብታውን በቀዳዳው ጠርዝ በኩል አስገቡት። በመሀል ብትጥሉት አየሩን መልሶ ያፍነዋል። ከገጹ ጥቂት ከፍ እስኪል ሙሉት፣ ሲደርቅ ይሰምጣልና። ከደረቀ በኋላ ጉብታውን በምላጭ ጠርባችሁ በ400 እኩል አድርጉት።

ቀዳዳው በመቶ የሚቆጠር ከሆነ ግን መነሻው እንጨቱ ነው። እንጨት ሲሞቅ በውስጡ ያለው አየር ተስፋፍቶ ይወጣል። ጠዋት ፀሐይ እየበረታች በምትሄድበት ሰዓት የፈሰሰ ኢፖክሲ አረፋው የማያልቀው ለዚህ ነው። ወደ ማታ፣ እንጨቱ እየበረደ ሲሄድ አፍስሱ። ከዚያም በፊት ስስ ማሸጊያ ድርብ ቀብታችሁ አስይዙት። ዋንዛውም ሆነ ቀረሮው በደንብ የደረቀ፣ የእርጥበት መጠኑ 12 በመቶና ከዚያ በታች ይሁን።

ክብ ጎድጓዳ፣ መሀሉ ላይ እንጨቱ የሚታይ ከሆነ ምክንያቱ ቅባት ነው። ሲሊኮን ያለበት የመኪና ማብረቂያ፣ ሰም፣ የምግብ ዘይት፣ የእጅ ቅባት። ኢፖክሲው ቅባቱን ሸሽቶ ይሰበሰባል። ላዩን ብቻ መሙላት አይጠቅምም፤ እንደገና ይሸሻል። ገጹን መጀመሪያ በሳሙና እጠቡ፣ ከዚያ በ220 አሻክሩ፣ በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ጠርጋችሁ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ አድርቁ፣ ከዚያ አዲስ ድርብ አፍስሱ። ሳይታጠብ ብርጭቆ ወረቀት ከቀደመ ቅባቱን ታሠራጩታላችሁ።

እንደ ካርታ መስመር የሚዞር ደብዛዛ ክበብ ከታየ የላይኛውን ድርብ በልታችሁ ወደ ታችኛው ወርዳችኋል። ይህ በምንም ወረቀት፣ በምንም ኮምፓውንድ አይጠፋም። ሙሉውን ገጽ በ240 ወይም 320 አሻክራችሁ እንደገና ማፍሰስ ግድ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 1.20 ሜትር በ60 ሴንቲ ሜትር ጠረጴዛ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት 2.16 ሊትር ይፈልጋል፣ 1.5 ሚሊ ሜትር ደግሞ 1.08 ሊትር፤ በዳር ለሚፈስሰው ጥቂት ጨምሩበት። እውነቱን ለመናገር፣ ገጹ ብዙ እንከን ካለው ይህ መንገድ ከማብረቅ ይሻላል። በ320 የተሻከረ ገጽ ላይ የፈሰሰ አዲስ ድርብ ጭረቱን ሁሉ ይውጠዋል፣ የሚያብረቀርቀውም በራሱ ነው። ከዳር መበላትን ለመከላከል ጠርዙን በወረቀት ፕላስተር ሸፍናችሁ ገጹን አለስልሱት፤ ፕላስተሩን መጨረሻ ላይ አንሱና ጠርዙን በእጅ ብቻ ጨርሱ።

ማብረቅ

የተለመደ የጠረጴዛ ኢፖክሲ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራል። ለማብረቅ ማሽን ይህ በጥቂት ሴኮንድ የሚደረስ ሙቀት ነው። በደቂቃ 11,000 የሚዞር ግራይንደር ላይ ፓድ አስሮ ማብረቅ ስለዚህ አይሆንም፤ ገጹ ይቀልጥና እንደ ተጎተተ ማስቲካ ይዘረጋል። ፍጥነቱ የሚስተካከል የመኪና ማብረቂያ፣ ከሌለም ድሪል ላይ የታሰረ ስፖንጅ ፓድ በደቂቃ ከ800 እስከ 1,200 ዙር ይበቃል። መኪና ቀለም የሚቀቡ ሰዎች የሚጠቀሙበት ኮምፓውንድ ለዚህም ይሆናል፤ ሲሊኮን የሌለውን ጠይቁ፣ ምክንያቱም በኋላ ሌላ ድርብ ማፍሰስ ብትፈልጉ ያው ጎድጓዳ ይመጣል።

ገጹን በ40 በ40 ሴንቲ ሜትር ከፋፍላችሁ ሥሩ። ለአንዱ ክፍል አተር አተር የሚያክሉ አራት ጠብታዎች። ማሽኑ ሳይበራ በፓዱ አዳርሱት፣ ከዚያ አብሩና ሳትቆሙ ሦስትና አራት ጊዜ ተመላለሱበት። መዳፋችሁን አሳርፉ፤ መዳፍ የማያስቀምጥ ሙቀት ካለ አቁሙና ወደ ሌላው ክፍል ሂዱ። ኮምፓውንዱ ሳይደርቅ በንጹሕ ጨርቅ አንሱት። ሻካራውን ኮምፓውንድ የነካ ፓድ ደቃቁን አይንካ፤ ለየብቻ ይኑራቸው። ካብረቀረቀ በኋላ በፀሐይ ብርሃን ብቻ የሚታዩ ስስ የክብ ጭረቶች ከቀሩ ከቆሸሸ ፓድ ነው፤ ፓዱን አጥባችሁ በደቃቁ ኮምፓውንድ ድገሙት። ደብዛዛው ጭጋግ ግን ከሁለት ዙር በኋላ ካልለቀቀ ኮምፓውንዱን አትጨምሩ። ወደ 1000 ተመለሱ፣ እዚያም ካልጠፋ ወደ 600። ጥቁር የተቀለመ ኢፖክሲ ከሁሉም ይከፋል፤ ያለ 3000 አይሞከርም።

ለረከቦት የሚሠራ ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። በጅማ ከፍታ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር አካባቢ፣ ውኃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ከእሳት የወረደ ጀበና ኢፖክሲውን ከሚያለሰልሰው ሙቀት በብዙ ይበልጣል። ያለ ማቶት ከተቀመጠ ክብ ምልክት ይተዋል። ምልክቱ ጎድጎድ ያለ ብቻ ከሆነና ነጭ ካልሆነ በፀጉር ማድረቂያ ከ20 ሴንቲ ሜትር ርቀት ቀስ ብላችሁ ስታሞቁት አንዳንዴ ራሱ ይመለሳል። ካልተመለሰ በጣውላ ላይ በተጠቀለለ 600 ጀምሩና ከክበቡ ቢያንስ አንድ ስንዝር ወጥታችሁ አስፉት። ክበቡን ብቻ ከፈገፈጋችሁት በቦታው ጎድጓዳ ይቀራል፣ ብርሃኑም እዚያ ላይ ይታጠፋል።